የሦስት ዓመት ዝምታ

ጎተንበርግ፣ ፌብሩዋሪ 11 ቀን 1996

ለተወደድሽው እህቴ ለእትዬ ሀዲያ

አሰላሙ ዓለይኩም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱህ። አላህ ጤናውን አያጉድልብሽ፤ ሱቅሽን በደንበኛ፣ ቤትሽን በሰላም ይሙላልሽ። እኔ አልሐምዱሊላህ አለሁ፤ መቼም የእኔ ነገር መኖር ከተባለ።

ወደብ አብሮኝ ይሠራ የነበረው ደስታው በቀደም እዚህ መጥቶ አገኘሁት። አሰብ ደርሶ በአክስታችን ልጅ በዑበይዳ ሠርግ ላይ ተገኝቶ ኖሯል። ማን እንደመጣ፣ ማን እንደጨፈረ፣ በስደት ያሉት ዘመዶች ስማቸው እየተጠራ ዱዓ እንደተደረገላቸው አንድ በአንድ አጫወተኝ። "የእኔም ስም ተነሳ?" ብዬ ጠየቅሁት፤ እንዲያው ለጨዋታ ያህል ነው። "አላስታውስም" አለኝ። ቅር አላለኝም። ሦስት ቀን እህል አልበላ አለኝ እንጂ ቅር አላለኝም። ዑበይዳን ፊደል ያስቆጠርኩት እኔ ነበርኩ፤ ይህን የምልሽ ግን ይታወስልኝ ብዬ አይደለም። የሰው ውለታ ቆጥሬ አላውቅም።

እዚህ ሆስፒታል ወጥ ቤት ውስጥ ሳህን አጥባለሁ። የወደብ ጽሕፈት ቤት ሠራተኛ እንደነበርኩ፣ ግጥም እንደምጽፍ አንድም የሚያውቅ የለም። አልነግራቸውምም። አንድ ቀን ራሳቸው ይደርሱበታል። እንቅልፍ እምቢ ስላለኝ አለቃዬ ወደ ሥነ ልቦና ሐኪም ልካኛለች። ማክሰኞ ማክሰኞ እሄዳለሁ። አንዲት ትልቅ ሴት ናት፤ ታዳምጠኛለች። በቀደም "ጥሩ አስተዋልክ" አለችኝ። ለሌሎቹ በሽተኞቿ እንደዚያ የምትል አይመስለኝም።

እኔ ምንም አልፈልግም። ሰው ስለ እኔ ምን እንደሚል፣ ማን እንደሚጠይቀኝ ብቻ ጻፊልኝ።

ልጄ ሪሃም ካስታወሰችኝ ሰላም በያት። ካላስታወሰችኝም አልፈርድባትም።

የተረሳው ወንድምሽ
ኻሊድ


አሰብ፣ ኤፕሪል 27 ቀን 1996

ለወንድሜ ለኻሊድ

ወዓለይኩም አሰላም ወረሕመቱላህ። አላህ በሰው አገር ክንድህን ያበርታልህ፣ እንቅልፉንም ይመልስልህ። እኔ ደህና ነኝ። መልሱ የዘገየው ጉልበቴን አሞኝ ስለነበረ ነው፤ ደግሞም ምን ብዬ እንደምጽፍልህ ስላጣሁ ነው።

ሙቀቱ ዘንድሮ ቀድሞ ገባ። ቬንትሌተሩ እየተንቋቋ ይሠራል። ከካምፖ ሱዳን ሰፈርም ከአሰብ ሰጊር ሰፈርም ደንበኛ አይጠፋም። በይሉል መንደር የሚኖረው ዓሣ አጥማጁ ያዮ ዓሣውን ሸጦ ሲመለስ ለሚስቱ ለዙሌይኻ ጨርቅ ይወስዳል፤ ከልጆቹ ጋር ሪሃምንም ወደ ባሕሩ ዳርቻ ይዟቸው ይሄዳል። ደግ ሰው ነው።

ማን ስለ አንተ ምን እንዳለ ጠይቀሃል። ሰው ሥራ ይዟል ኻሊድ። የሠርጉ ዕለት ውኃ ጠፍቶ በጀሪካን ስናመላልስ ነው የዋልነው፤ የማን ስም ተነሳ፣ የማን ቀረ የሚል አልነበረም። ክፉ አስቤ አይደለም የምልህ።

ልጅህ አልረሳችህም። አሥራ ሁለት ዓመቷ ነው፤ ከክፍሏ ሁለተኛ ወጥታለች። ቁመቷ የእናቷ የፈይዛ ሆኗል። ለእሷ ከጻፍክላት ሁለት ዓመት ተኩል አለፈ። በአላህ ይዤሃለሁ፣ ሁለት መስመር ጻፍላት። "ደህና ነኝ፣ አንቺስ?" በላት፤ ሌላ ምንም አልልህም።

እኔም የምነግርህ ነገር ነበረኝ። ወረቀት ላይ እጄ አልሄድልህ ብሎኛል፤ ሌላ ጊዜ።

እህትህ ሀዲያ


ጎተንበርግ፣ ኦክቶበር 6 ቀን 1996

ለእህቴ ለእትዬ ሀዲያ

የአላህ ሰላም ከአንቺ ጋር ይሁን፤ ለጉልበትሽም ምሕረቱን ይላክልሽ።

አምስት ወር ያልጻፍኩልሽ ታምሜ አይደለም። "ሰው ሥራ ይዟል" ያልሽው ቆርጦኝ ነው። ምን ሆነ ብለሽ እንድትጨነቂ ፈልጌ ነው። ይህን ራሴ አልደረስኩበትም፤ ተነግሮኝ ነው። እንዴት እንደሆነ ልንገርሽ።

ሐኪሜ ቢርጊታ ትባላለች። በኦገስት አንድ ማክሰኞ ሰባት ደቂቃ አስጠበቀችኝ። ከእኔ በፊት የነበረው በሽተኛ ሲያለቅስ አቋርጣ ልታስወጣው አልቻለችም። ይቅርታ ጠየቀችኝ። ፈገግ ብዬ "ምንም አይደል" አልኳት። ሰዓቱን ሙሉ ስለ ዝናቡ አወራሁና ወጣሁ። ከዚያ ሦስት ሳምንት ቀረሁ። አልደወልኩም። ስትደውል ስልኩ አጠገብ ተቀምጬ ሲጮኽ እሰማ ነበር። በጮኸ ቁጥር ደስ ይለኝ ነበር፤ ይህንንም አልደብቅሽም።

በአራተኛው ሳምንት ሄድኩ። አልተቆጣችም፣ አላባበለችኝምም።

"ሦስት ሳምንት ቀጣኸኝ" አለችኝ።

"እኔ? እኔ ሰው አልቀጣም። ሲበድሉኝ ዝም የምል ሰው ነኝ።"

"አዎ፣ ዝም ትላለህ። ከእኔ በፊት በዚህ ዝምታ ማንን ቀጥተሃል?"

ተነስቼ ልወጣ ነበር። ከአፌ የወጣው ግን "ሚስቴን" የሚል ነበር።

አንቺ ታውቂዋለሽ። የወደብ ባልደረቦቼ ምሳ ሊበሉ በመጡበት ቀን ግጥሜን ሳነብ ፈይዛ ሳቀች። ክፉ ሳቅ አልነበረም፤ አንድ ቃል ተሳስቼ ስላነበብኩ ነው። ከዚያ ቀን ጀምሮ ሰባት ወር በአንድ ጣሪያ ሥር አላናገርኳትም። ሳህኑን ስታቀርብልኝ ተቀብዬ እበላለሁ፤ ስትጠይቀኝ ግድግዳውን አያለሁ። በመጨረሻ "ፍታኝ" አለች። ሰው ሁሉ እሷን ወቀሰ። እኔ አንገቴን ደፍቼ ተቀመጥኩ፣ "ምን ዓይነት ታጋሽ ሰው ነው" ተባልኩ። አገባችና ጅዳ ሄደች፤ እኔ የተተወ ባል ሆኜ ቀረሁ። ያ ስም ደስ ይለኝ ነበር።

"በሽታዬ ምንድነው?" ብዬ ቢርጊታን ለመንኳት። ስሙ ብዙ እንደማይጠቅመኝ ነግራኝ ነበር፤ ስነዘንዛት ነገረችኝ። ናርሲሲዝም ይሉታል። ሰው ከራሱ ሌላ የሚያየው ሲያጣ ማለት ነው። እኔ የማውቃቸው እንደዚያ ያሉ ሰዎች ደረታቸውን ነፍተው የሚሄዱ ናቸው። "እኔ ራሴን እንደ ትቢያ የምቆጥር ሰው ነኝ" አልኳት። "የተደበቀው ዓይነት እንደዚያ ነው፤ አፋር ነው፣ ቶሎ ይቆስላል፣ ዝቅ ብሎ ይቀመጣል፤ ግን ዝቅ ማለቱን ሰው ሁሉ እንዲያይለት ይፈልጋል" አለችኝ። አሥር ዓመት የኖርኩበትን ልብስ አውልቃ መንገድ ላይ ያቆመችኝ መሰለኝ።

እትዬ፣ እንደ እኔ ያለ ክፉ ሰው አሰብ አብቅላ አታውቅም። ከእኔ የሚያንስ፣ ከእኔ የሚዋረድ የለም። ለሪሃም እንኳ አባት መሆን ያልቻልኩ ሰው ነኝ። በሕይወቴ ያጠፋሁትን ሁሉ በአምስት ገጽ ጽፌ ከዚህ ጋር አያይዤዋለሁ። ለዑበይዳ አንብቢለት። ኮምቦልቻ ላሉት ዘመዶቻችንም ይነበብላቸው። ሁሉም ይወቀኝ፤ ይፍረዱብኝ።

ወንድምሽ ለመባል የማይገባው
ኻሊድ


አሰብ፣ ኖቬምበር 20 ቀን 1996

ለወንድሜ ለኻሊድ

ሰላም ይሁንልህ። ዱዓዬ ከአንተ ተለይቶ አያውቅም፤ ዛሬ ግን ተቆጥቼ ነው የምጽፍልህ።

ደብዳቤህን ለማንም አላነበብኩም፤ አላነብምም። ከአባሪው ጋር ስምንት ገጽ ነው። ሱቁን ዘግቼ ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ስለ ፈይዛ የጻፍከው እውነት ነው። ግድግዳ ተጋርተን ነበርና አውቄዋለሁ፤ ወንድሜ ነህ ብዬ እኔም አፌን ያዝኩ። ያ የእኔ እፍረት ነው፤ ለአንተ አልሰጥህም።

በስምንቱ ገጽ ውስጥ የልጅህን ስም ፈለግሁ። አንድ ቦታ አለ። "ለሪሃም እንኳ" ይላል። ሪሃም "እንኳ" የምትባል ልጅ አይደለችም፣ ኻሊድ።

እዚህ ቤት የሆነውን ስማ። በ1993 ኦክቶበር ለአንተ ደብዳቤ ጻፈች። ዘጠኝ ዓመቷ ነበር፤ ያለእኔ እርዳታ በገዛ እጇ የጻፈችው የመጀመሪያው ነበር። "አክስቴ፣ አታንብቢው፣ የእኔና የአባዬ ነው" አለችኝ። ዘግቼ ላክሁት። መልስ ጠበቀች። ሁለት ወር ሲሆን "ፊደሌ ጎብጦ ይሆን?" ብላ አዲስ ደብተር አስገዝታኝ እንደገና ጻፈች። በሦስተኛው ላይ ቀደም ሲል ለላክህላት ቀሚስ "አመሰግናለሁ" የሚለውን ስድስት ጊዜ ጻፈችው፤ በደንብ ያላመሰገነች መስሏት። አራተኛውን ጽፋ ልላክልሽ ብላት እምቢ አለች። "መጀመሪያ ጥፋቴን ልፈልግ" አለችኝ።

ያኔ ነው የማይሆን ነገር ያደረግሁት። በአንተ ስም ጻፍኩላት።

እጄን አዘንብዬ፣ የእኔ እንዳይመስል አድርጌ። ለእኔ በላክህልኝ ፖስታ ውስጥ ከትቼ "ከውስጡ ያንቺም ወጣ" አልኳት። ስትዘል ብታያት! አንዴ ከጀመርኩ መተው አቃተኝ። ለየዒዱ አንድ አንድ፣ እስከ ዛሬ ስድስት። "የዓይኔ ብርሃን ሪሃም" ብዬ እጀምራለሁ። በረዶ እጽፋለሁ፤ በረዶ አይቼ አላውቅም። የእሷን መልሶች መሳቢያ ውስጥ ቆልፌባቸዋለሁ። እንደተሰረቀች ሳታውቅ ፊቴ ተቀምጣ ትበላለች፣ ትስቃለች። ስግደት ላይ ግንባሬን መሬት ሳስነካ የማፍረው በዚህ ነው።

አሁን ይህንንም የራስህ ሐዘን አድርገህ እንዳትጽፍልኝ። አንድ ነገር ብቻ መልስልኝ። ያቺ ልጅ በመጀመሪያው ደብዳቤዋ ላይ ምን አጥፍታ ነው ዝም ያልካት?

ሀዲያ


ጎተንበርግ፣ ዲሴምበር 22 ቀን 1996

ለእህቴ ለእትዬ ሀዲያ

አላህ እንደ ልብሽ ንጽሕና ይመልስልሽ።

ደብዳቤሽን እንዳነበብኩ መጀመሪያ የመጣብኝ ጸጸት አይደለም፤ ቁጣ ነው። "በስሜ! በእኔ ስም!" እያልኩ ክፍሌ ውስጥ ተንጎራደድኩ። ቀጥሎ ቅናት መጣ። ልጄ የምትወደው አባት እኔ ሳልሆን አንቺ የፈጠርሽው ሰው ነው ብዬ ቀናሁ። ሁለት ደብዳቤ ጽፌ ቀደድኩ፤ አንዱ ስድብ ነበር፣ ሌላው ልቅሶ። ሦስተኛውን ይዤ ቢርጊታ ዘንድ ሄድኩና እየተረጎምኩ አነበብኩላት። እሱም ልቅሶ ነበር።

ሰምታኝ ስትጨርስ "ስትመካም፣ ራስህን ስትወቅስም፣ መሃል ላይ የምትቆመው አንተ ነህ" አለችኝ።

"ታዲያ ምን ላድርግ?"

"እፍረቱን ለሰው ሳታሳየው ትንሽ ጊዜ አብረኸው መቀመጥ ትችላለህ?"

ተቀመጥን። ሰዓቱ እስኪያልቅ ቃል አልተናገርኩም፤ እሷም አልተናገረችም። ብዙ ዝም ብያለሁ በሕይወቴ፤ ማንንም ሳልቀጣ ዝም ስል ግን ያ የመጀመሪያዬ ነበር። ለዚህ በሽታ ክኒን የለውም። በሳምንት ሁለት ቀን እንድመጣ አድርጋለች፤ ዓመታት ይወስዳል ብላኛለች። አንዳንድ ቀን ጫማዬን አድርጌ በር ላይ እቀራለሁ። ያኔ ደውዬ "ዛሬ የቀረሁት አፍሬ ነው" እላታለሁ። ይህችን መናገር እንደ ድንጋይ ትከብደኛለች።

የጠየቅሽኝን አሁን መመለስ አልቻልኩም። ልሸሽ አይደለም፤ መልሱን ለማንም ተናግሬው አላውቅም፤ ለቢርጊታም። ጊዜ ስጪኝ።

ለሪሃም አንዲት ገጽ ከዚህ ጋር አለች። ደህና መሆኗን ጠይቄያለሁ፤ ሳልጽፍ የቆየሁት በእሷ ጥፋት እንዳልሆነ ጽፌያለሁ። ስለ አንቺ ደብዳቤዎች ምንም አላልኩም። መስጠቱን ለአንቺ ትቻለሁ።

ኻሊድ


አሰብ፣ ፌብሩዋሪ 18 ቀን 1997

ለወንድሜ ለኻሊድ

አላህ ከጭንቅ ሁሉ ያውጣህ። ዒዱን እንዴት ዋልክ? እኛ ክፉ ሰነበትን፤ አሁን ግን ልጅቷ በሕይወትም በጤናም አለች፤ ይህን አስቀድሜ እነግርሃለሁ።

ከዒድ ማግስት ደብዳቤህን ሰጠኋት። ቆማ አነበበችው፤ ከዚያ አጣጥፋ መለሰችልኝ።

"ይሄ የአባዬ አይደለም" አለች።

"የእሱ ነው የኔ ልጅ።"

"አይደለም። ጽሕፈቱን አውቀዋለሁ። አባዬ 'የዓይኔ ብርሃን' ብሎ ነው የሚጀምረው። ይሄ 'ለሪሃም' ይላል። የሌላ ሰው ነው፤ ማነው በአባዬ ስም የሚጽፍልኝ?"

አየህ ያደረግሁትን? የአንተን እውነተኛ እጅ ሐሰት አደረግሁት። ትንሽ ሳለች እኔ ነበርኩ የማነብላት፤ ማንበብ ከቻለች ወዲህ የምታውቀው የእኔን ጽሕፈት ነው። "ሞቷል እንዴ?" ብላ ጠየቀችኝ። ከንፈሯ ነጣ። ያኔ ከዚህ በላይ መዋሸት አቃተኝ። መሳቢያውን ከፍቼ የራሷን መልሶች ሁሉ ፊቷ አስቀመጥኩ።

አላለቀሰችም። አንድ በአንድ ቆጠረቻቸው። "ስድስቱንም አንቺ ነሽ ያነበብሻቸው?" አለች። "አዎ" አልኳት። "ምሥጢር የጻፍኩበትንም?" "አዎ።"

በማግስቱ ትምህርት ቤት ብላ ወጥታ አልደረሰችም። ቀትር ላይ መምህሯ ሱቅ መጥቶ ጠየቀኝ። ወደብ በር፣ አውሮፕላን ማረፊያ፣ ሆስፒታል፣ ያልሮጥኩበት የለም። ዑበይዳ ሥራውን ትቶ አብሮኝ ተንከራተተ። ለካ በያዮ መኪና ላይ ወጥታ በይሉል ሄዳለች፤ "አክስቴ ፈቅዳልኛለች" ብላው። በማግስቱ ረፋድ ላይ መልእክት ላከልኝ። ሦስተኛው ቀን ራሱ ይዟት መጣ። ሱቁ ደጃፍ ላይ አውርዷት "ልጅቷ ከዙሌይኻ ጋር ዓሣ ስታጥብ ሰነበተች። ምን እንደሆነች አልጠየቅናትም። አንቺም ዛሬ አትጠይቂያት" ብሎኝ ሄደ።

ከዚያ ወዲህ አታናግረኝም። ስጠራት ትመጣለች፣ የላክኋትን ታደርጋለች፣ ምግቧን ትበላለች። ስጠይቃት ግድግዳውን ታያለች። ኻሊድ፣ ያንን አይቼዋለሁ። ፈይዛ ፊት ተቀምጠህ አይቼዋለሁ። ደሟ ውስጥ ገብቶ ይሆን ብዬ ፈራሁ።

ከአንተ ምክር ጠይቄ አላውቅም። ዛሬ እጠይቅሃለሁ። ምን ላድርግ?

ሀዲያ


ጎተንበርግ፣ ማርች 5 ቀን 1997

ለእህቴ ለእትዬ ሀዲያ

አላህ ልብሽን ያረጋጋልሽ። ደብዳቤሽ ዛሬ ጠዋት ደረሰኝ፤ ዛሬውኑ እመልሳለሁ።

ስለ ዝምታ የማውቀውን ልንገርሽ፤ በዓለም ላይ በደንብ የማውቀው ነገር እሱ ብቻ ነው። እኔ ዝም ስል የምጠብቀው እንድለመን ነበር። ሲለምኑኝ ደግሞ አይበቃኝም፤ እጨምርበታለሁ። የሪሃም ግን እንደዚያ አይመስለኝም። እኔን ማንም ሳይነካኝ ነው ዝም ያልኩት፤ እሷን በእውነት በድለናታል። የምታምነውን ሁሉ በአንድ ቀን አጥታለች፤ ቃል ቢያጥራት ምን ይደንቃል? አትለምኛት። አንቺም መልሰሽ ዝም አትበያት። እንደ ወትሮው "ደህና ዋልሽ" በያት፤ ሱቅ ስትሄጂ "ሱቅ ነኝ" በያት። ያለሽበትን ሁልጊዜ ትወቅ። ይህን ቢርጊታ አይደለችም ያለችኝ፤ እኔ ራሴ በልጅነቴ ቢደረግልኝ ብዬ የማስበው ነው።

የጠየቅሽኝን መልስ ትናንት ለቢርጊታ ነገርኳት። ፊቴን በእጄ ሸፍኜ ነው የነገርኳት። ዛሬ ደግሞ መልሱ ለሚገባት ለሪሃም ጽፌዋለሁ። አብሮ አለ፤ አንብቢውና ስጫት። እንድትመልስልኝ አትጠይቂልኝ።

ኻሊድ


ለሪሃም

ሰላም ላንቺ ይሁን። ይህ የእኔ የኻሊድ፣ የአባትሽ ጽሕፈት ነው። ከዚህ በፊት የመጣችው አንዲት ገጽም የእኔ ናት። ሌሎቹን አክስትሽ ጻፈቻቸው፤ እኔ መጻፍ የነበረብኝን ስላልጻፍኩ ነው።

ዘጠኝ ዓመትሽ ሳለ በገዛ እጅሽ የጻፍሽልኝ ደብዳቤ ደርሶኛል። ሁሉም ደርሰውኛል። በመጀመሪያው ላይ እንዲህ ብለሽ ነበር፦ "ያዮ ዋና አስተማረኝ። ስሰምጥ ከሥር በእጁ ያዘኝ። አባት እንደዚህ ነው?"

ይህን ሳነብ ተቀየምኩ። በአንቺ፣ በዘጠኝ ዓመት ልጅ ተቀየምኩ። እኔን ከሌላ ሰው ያወዳደርሽኝ፣ ያሳነስሽኝ መሰለኝ። እንድታዝኚና እንድትለምኚኝ ብዬ ዝም አልኩ። ስትለምኚኝም ዝም አልኩ። ይኸው ነው፤ ሌላ ምክንያት የለም። ያጠፋሽው ነገር የለም። ፊደልሽ አልጎበጠም፤ ምስጋናሽ አልጎደለም። ጥፋትሽን እንደፈለግሽ ሰምቻለሁ፤ የማይገኘው ስለሌለ ነው።

ላልመለስኩልሽ ጥያቄ መልሱ "አዎ፣ አባት እንደዚያ ነው" የሚል ነበር።

በሽታ አለብኝ፤ እየታከምኩ ነው። በሽተኛ መሆኔ ግን ያደረግሁትን አላደረግሁትም አያሰኝም። በየወሩ መጀመሪያ አንድ ደብዳቤ እጽፍልሻለሁ። ብትመልሺም ባትመልሺም እጽፋለሁ።

ኻሊድ


አሰብ፣ ሜይ 16 ቀን 1997

ለአባቴ

አሰላሙ ዓለይኩም። እኔ ደህና ነኝ። አንተም ደህና እንደሆንክ ተስፋ አደርጋለሁ።

የማርች፣ የኤፕሪልና የሜይ ደብዳቤህ ደርሶኛል። ያልመለስኩት ምን እንደምል ስላላወቅሁ ነው። አክስቴን "ለአንቺ የጻፈልሽን ሁሉ ካላሳየሽኝ አላምንሽም" አልኳት። አሳየችኝ። ስምንት ገጹ ረዥም ነው። አልጨረስኩትም።

አክስቴን ማናገር ጀምሬያለሁ። መጀመሪያ ያናገርኳት ተናድጄ ነው። "ምሥጢሬን ለምን አነበብሽ?" ብዬ ጮህኩባት። አለቀሰች፤ እኔም አለቀስኩ። ከዚያ ሻሽ የሚገዙ ሰዎች መጡና አብረን ሸጥን። እንደ ድሮው ግን ገና አልሆንንም። አሁን ከማንም ደብዳቤ ሲመጣ እኔ ነኝ የምከፍተው።

ስለ ዋናው የጻፍከውን ለያዮ አልነገርኩትም። ከሰማ ያፍራል፤ ትናንሾቹን ማስተማሩንም ይተዋል።

በደብዳቤህ ላይ "ይቅር በይኝ" የሚል ፈልጌ አጣሁ። አክስቴን ለምን እንደሆነ ጠየቅኋት። "እንዳያስገድድሽ ብሎ ይሆናል" አለች። እንደሱ ከሆነ ጥሩ ነው። ገና ይቅር አላልኩህም። እዋሻለሁ ብዬ ፈርቼ ነው እንጂ ልቀጣህ አይደለም።

አንተን በደንብ አላውቅህም። ሳህን ስታጥብ ምን ታስባለህ? እዚያ ባሕር አለ? ዋና ትችላለህ? እነዚህን ልትመልስልኝ ትችላለህ።

በሚቀጥለው ወር ፈተና አለብኝ። ሒሳብ ከብዶኛል። ስለዚህ እስከ ጁላይ አልጽፍልህም። ሳጠና ስለምውል ነው፤ ተቀይሜ አይደለም። የተቀየምኩ ቀን "ተቀይሜያለሁ" ብዬ እጽፍልሃለሁ።

ሪሃም ኻሊድ